የውሃው ድልድይና የተረሳው መሐንዲስ

ሰው የራሱን ጥፋት የሚያይበት መስተዋት መቼና በየት በኩል እንደሚቀርብለት አያውቅም። አንዱ በሕመም አልጋ ላይ ተኝቶ ያየዋል፤ ሌላው ከልጁ አፍ ይሰማዋል። እኔ ግን ያየሁት ከአገሬ ርቄ፥ በእንግሊዝና በዌልስ ወሰን ላይ፥ ቀስ ብሎ በሚሄድ ጀልባ ተቀምጬ ነው። ነገሩ የታሪክ ትምህርት ስላለበት ለእናንተ ለወጣቶች ይጠቅማል ብዬ ከመጀመሪያው አንሥቼ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍቱ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አግኝቼ ነበር። መጽሐፊቱ ስለ ታላላቅ መሐንዲሶች የምትናገር ስትሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የቶማስ ቴልፎርድ ታሪክ ነበረ። ቴልፎርድ በ1757 በስኮትላንድ ኮረብታዎች መካከል ከአንድ በግ ጠባቂ ተወለደ። አባቱ ገና ጨቅላ ሳለ ሞተበትና እናቱ በድኅነት አሳደገችው። እሱም ከብት እየጠበቀ ፊደል ተማረ፤ ከዚያም ድንጋይ ጠራቢ ሆነ፤ ሌሊት ሌሊት እያነበበ ራሱን በራሱ አስተማረና በመጨረሻ የመንገድ፥ የድልድይና የቦይ መሐንዲስ ለመሆን በቃ። እኔም መምህር ከሆንሁ በኋላ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። ሰነፉን ተማሪ ለማትጋት፥ ድኻውንም ለማጽናናት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። ታሪኩንም ሁልጊዜ የምጨርሰው፥ «በፖንትከስልቴ ሸለቆ ላይ ውሃን በአየር ላይ ያሻገረው ያ የእረኛ ልጅ ነው» በማለት ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በእንግሊዝ አገር የምትኖረው ልጄ ጠርታኝ ሄድሁ። ልጄ በልጅነቷ ይህን ታሪክ ከአፌ ስትሰማ ያደገች ናትና፥ «አባባ፥ ስንት ዓመት ያስተማሩትን የውሃ ድልድይ በዓይንዎ ሳያዩት አይመለሱም» አለችኝ። የራሳቸው ጀልባ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሯት። እኒህ ሽማግሌ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፥ ዘመናቸውን በፋብሪካ ሠራተኛነት ያሳለፉና ቦዩን ከልጅነታቸው ጀምረው የሚያውቁ ናቸው። ልጄ ብትለምናቸው በደስታ ተቀበሉን።

ካፊያ በሚወርድበት ማለዳ፥ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሲሆን፥ ቸርክ በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ተሳፈርን። ጀልባው ሲያዩት ያስገርማል። ርዝመቱ 17 ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ግን 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። እንደዚህ የጠበበበትን ምክንያት ብጠይቃቸው ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ቦይ ኮረብታ ሲወጣና ሲወርድ እንደ ደረጃ ሆነው ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ፥ ግራና ቀኝ በግንብ የታጠሩ ባለ መዝጊያ የውሃ ክፍሎች ያስፈልጉታል። የ18ኛው መቶ ዓመት መሐንዲሶች ገንዘብና ውሃ ለመቆጠብ ሲሉ በብዙ ቦዮች ላይ እነዚህን ክፍሎች አጥብበው ሠሩአቸው። እንግዲህ ጀልባውም በበሩ ልክ ሆነ። ቤት ሠሪ በሩን ካጠበበ፥ ዕቃ ሠሪው አልጋውን ማጥበብ እንዲገደድ ማለት ነው።

ጀልባው በትንሽ ሞተር ይሄዳል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ከእግረኛ ፍጥነት አይበልጥም። ሕጉም በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በላይ አይፈቅድም፤ ጀልባ ከፈጠነ ማዕበል ያነሣና ዳሩን ይንደዋልና። በዳር መንገድ ላይ ውሻዋን ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት ብዙ ጊዜ አብራን ሄደች፤ በኋላም ጥላን አለፈች። እኔ በአውቶቡስም ሆነ በአውሮፕላን ስሄድ ሐሳቤ ከእኔ ቀድሞ መድረሻው ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ጀልባ ላይ ግን ከሰውነቴ ጋራ አብሮ ሲጓዝ ተሰማኝ። ዳክዬዎቹን፥ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን የሚያሻግሩትን ላሞች፥ የድንጋዩን ድልድይ ሁሉ አንድ በአንድ ለማየት ጊዜ ነበረኝ።

አሁን ለሽርሽር የሚሆነው ይህ ውሃ በጥንት ዘመን ግን የሥራ መንገድ ነበረ። ከቦዮቹ በፊት የእንግሊዝ አገር መንገድ በክረምት ጭቃ፥ በበጋም ጉድጓድ ነበረ። አንድ የጭነት ፈረስ በጀርባው የሚሸከመው ከ100 ኪሎ ብዙ የማያልፍ ነው፤ ያው ፈረስ በቦይ ዳር እየሄደ ጀልባ ሲጎትት ግን 25 ቶን የሚያህል ጭነት ይወስዳል። በ1761 የብሪጅዋተር መስፍን ከማዕድን ጉድጓዱ ወደ ማንቸስተር ቦይ ባስቈፈረ ጊዜ በዚያች ከተማ የድንጋይ ከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ድኻው ቤቱን ማሞቅ ቻለ፤ ፋብሪካውም በዛ። ይህን ያየ ባለ ገንዘብ ሁሉ ቦይ ለማስቈፈር ተሽቀዳደመ። በ1790ዎቹ ዓመታት የነበረው የቦይ ጉጉት እንደ ወረርሽኝ ያለ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛ የሄድንበትም ቦይ የተወለደው በዚያ ጉጉት ነው። በ1793 የእንግሊዝ ፓርላማ የኤልስሚር ቦይ የሚባለው እንዲቈፈር ፈቀደ። ዕቅዱ ታላቅ ነበር፤ ይኸውም ሜርሲ፥ ዲና ሰቨርን የተባሉትን ሦስት ወንዞች አንድ ላይ ማገናኘት ነበር። ሥራውን የሠሩት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሺሕ ሰዎች ናቸው። መሣሪያቸው ዶማ፥ አካፋና የእጅ ጋሪ ብቻ ነበረ። የቈፈሩት መሬት ውሃ እንዳይጠጣባቸው ሸክላ አፈር ከውሃ ጋራ አቡክተው፥ እየረገጡ የቦዩን ሆድ ይለስኑት ነበር። በአገራችን ቤት ሲሠራ ጭቃ የረገጠ ሰው የዚህን ሥራ ድካም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቸርክ የውሃ ድልድይ ላይ ደረስን። ድልድዩ በ1801 የተፈጸመ ሲሆን፥ ከከይሪዮግ ወንዝ በላይ 21 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአሥር የድንጋይ ቅስቶች ላይ ቆሟል። ወንዙ ወሰን ስለ ሆነ፥ ስንገባበት በእንግሊዝ፥ ስንወጣበት በዌልስ ነበርን። ከጎኑ ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ድልድይ አለ። ያ በ1848 የተሠራ የባቡር ድልድይ ነው። እኛ በታች እያዘገምን ሳለን በላይ ባቡር እየጮኸ አለፈና በአንድ አፍታ ከዓይናችን ተሰወረ። ሽማግሌውም በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ፥ «ገዳያችን ያ ነው» አሉ፤ ነገር ግን ቂም ያለበት ድምፅ አልነበረም። ቦዩ በኰራበት በአርባና በአምሳ ዓመት ውስጥ ባቡር መጥቶ ጭነቱን ነጠቀው። ዛሬ ደግሞ የባቡሩን ጭነት መኪና ነጥቆታል። የዚህ ዓለም ክብር እንደዚህ ነው፤ ትናንት የፈጠነው ዛሬ ዘገምተኛ ይባላል።

ድልድዩን ተሻግረን ወዲያው ወደ ቸርክ ዋሻ ገባን። ዋሻው 420 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጨለማው ድቅድቅ ነው። የሩቁ መውጫ እንደ አሥር ሳንቲም ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ እያደረም ይሰፋል። ከጣራው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ልጄ ፈርታ ክንዴን ያዘች፤ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ዳሩ ግን አባት ነኝና ደፋር መሰልሁ።

ከቀትር በፊት ዛፎቹ በድንገት ገለል አሉና ያ በመጽሐፍ የማውቀው ድልድይ ፊት ለፊት ተገለጠ። የፖንትከስልቴ የውሃ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከዲ ወንዝ በላይም 38 ሜትር ከፍ ይላል። 18 የድንጋይ ምሰሶች ተሸክመውታል። በምሰሶቹ ላይ የተዘረጋው ግን ድንጋይ ሳይሆን፥ ከቀለጠ ብረት ተቀርጾ የወጣ ረዥም ገንዳ ነው። በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ውሃ እንዳያፈስስ ሱፍ ጨርቅና እርሳስ ጠቅጥቀውበታል። ጀልባው ወደ ገንዳው ሲገባ በአንድ ወገን ፈረስ የሚሄድበት ባለ አጥር መንገድ አለ፤ በሌላው ወገን ግን አጥር የለም። የገንዳው ከንፈር ከውሃው ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ አየር ነው። ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ወደዚያ ወገን የተመለከተ ሰው ከበታቹ ድልድይ አያይም፤ ወንዙንና የዛፎቹን ራስ ብቻ ያያል። በሰማይ ላይ በጀልባ የሚሄድ ይመስለዋል።

እኔም ልቤ ሞልቶ፥ «እንዴት ያለ ሰው ነው ይህ ቴልፎርድ!» አልሁ።

ሽማግሌው የመሪውን እንጨት እንደ ያዙ፥ ፊታቸውን ሳያዞሩ፥ «ጄሶፕስ?» አሉኝ።

እኔም ዝም አልሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለዚህ ድልድይ ሳስተምር ይህን ስም አንድ ቀን አላነሣሁትም፤ ምክንያቱም አላውቀውም ነበር። ሽማግሌው በቀረው መንገድ የነገሩኝን፥ እኔም ከዚያ በኋላ ፈልጌ ያነበብሁትን አንድ ላይ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ዊልያም ጄሶፕ የተወለደው በ1745 ነው። አባቱ የመርከብ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተና፥ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው መሐንዲስ ጆን ስሚተን አሳዳጊው ሆነ፤ ሙያውንም አስተማረው። የኤልስሚር ቦይ ሥራ ሲጀመር ጄሶፕ በአገሩ ከታወቁት የቦይ መሐንዲሶች ሁሉ የላቀ ነበርና ዋና መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። ቴልፎርድ በዚያው በ1793 ሲቀጠር፥ በድንጋይ ሥራ የተፈተነ ይሁን እንጂ በቦይ ሥራ ገና ጀማሪ ነበረ። በየቀኑ ከሠራተኛው ጋራ እየዋለ ሥራውን ይመራ ነበር፤ በላዩ ሆኖ የሚመክረውና ኀላፊነቱን የሚሸከመው ግን ጄሶፕ ነበር።

በመጀመሪያ የታሰበው ድልድይ እንዲህ ከፍ ያለ አልነበረም። ጀልባው በሁለቱም ወገን በባለ መዝጊያ ክፍሎች ወደ ታች ወርዶ፥ ዝቅ ባለ የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ፥ እንደ ገና እንዲወጣ ነበር። ይህ ግን ብዙ ውሃና ብዙ ጊዜ ያባክናል። ድልድዩ ከሸለቆው አፍ እስከ አፉ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ቢፈለግ ደግሞ፥ ድንጋዩና በውስጡ የሚለሰነው ሸክላ ክብደቱ ለምሶሶዎቹ እጅግ ይበዛል። መፍትሔው የብረት ገንዳ ሆነ። ቴልፎርድ በዚያው ዘመን በሌላ ቦይ ላይ ትንሽ የብረት የውሃ ድልድይ ያሠራ ስለ ነበር ከሐሳቡ ድርሻ አለው። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1795 ለኩባንያው ኮሚቴ ሪፖርት ጽፎ፥ በብረት ይሠራ ብሎ ስሙንና ክብሩን ያስያዘ ጄሶፕ ነው። ድልድዩ ቢወድቅ ኖሮ የሚያፍረው እሱ ነበር። ምሰሶቹን የገነቡት ግንበኞች፥ ብረቱን ያቀለጠው ዊልያም ሄዝልዳይን፥ ሥራውን የተቆጣጠረው ማቲው ዴቪድሰን ሁሉ ድርሻ አላቸው። አሥር ዓመት ሙሉ ተሠርቶ፥ 47,000 ፓውንድ ያህል ወጥቶበት፥ በኅዳር ወር 1805 ተመረቀ።

ጄሶፕ በ1814 ሞተ። ቴልፎርድ ከእርሱ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ። ታላላቅ መንገዶችንና ድልድዮችን ሠራ፤ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1834 ሲሞትም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ስለ ራሱ ሥራ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1838 ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ስለ ፖንትከስልቴ ሲተርክ ያ አለቃውና መካሪው የነበረው ሰው ስሙ የለም። ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ እየቀዱ ጻፉ፤ የእኔም ትንሽ መጽሐፍ ከእነርሱ ቀዳች፤ እኔም ከእርስዋ ቀድቼ ለተማሪዎቼ አጠጣሁ። የጄሶፕን ሥራ ከጥንት መዝገቦች ፈልገው ቻርልስ ሃድፊልድና ስኬምፕተን የተባሉ ሁለት ሰዎች በመጽሐፍ ያወጡት በ1979 ነው። ሰውዬው ከሞተ 165 ዓመት ሆኖት ነበር።

ጄሶፕ እንዴት ያለ ሰው እንደ ነበር አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በክሮምፎርድ ቦይ ላይ፥ በደርወንት ወንዝ የሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሰነጠቀ። ብዙ ሰው ቢሆን በግንበኛው፥ በኖራው ወይም በዝናቡ ያሳብብ ነበር። ጄሶፕ ግን፥ ግንቡን በሚገባ ያላጠናከርሁ እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገና፥ የማደሻውን ወጪ ከገዛ ኪሱ ከፈለ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ጥፋት ሲመጣ «የእኔ ነው» ያለ ሰው፥ ምስጋና ሲመጣ «የእርሱም ነው» የሚልለት አጣ።

ይህን ሰምታችሁ ቴልፎርድን እንድትንቁት አልፈልግም። እሱ ሌባ አልነበረም። ድልድዩን በእርግጥ ሠርቷል፤ አሥር ዓመት ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበታል። በድኅነት ማደጉ፥ በመጽሐፍ መበርታቱ ሁሉ እውነት ነው። ሲሞትም በተወለደበት አውራጃ ላሉት ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ተናዝዞላቸዋል። በመጽሐፉም ስለ ድልድዩ የጻፈው ቃል ውሸት አይደለም። ጥፋቱ በጻፈው ሳይሆን ባልጻፈው ነው። ውሸት የተናገረን ሰው መስካሪ ጠርቶ መርታት ይቻላል፤ ዝም ያለን ሰው ግን ማን ይረታዋል? ስለዚህ ነው ዝምታው መቶ ዓመት አልፎት የኖረው።

ድልድዩን ጨርሰን ትሬቨር በተባለው ስፍራ ደረስንና ሻይ ጠጣን። እዚያ ቦዩ ወደ ሰሜን ጥቂት ይሄድና ያበቃል። ዋናው መስመር ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቼስተር ከተማ መድረስ ነበረበት፤ ነገር ግን ወጪው በዛና ሳይቈፈር ቀረ። ሦስቱ ወንዞች በታቀደው መንገድ አልተገናኙም። ያ ሁሉ ግርማ ያለው ድልድይ ወደ ታሰበለት አገር ሳያደርስ ቀረ። ዋናው መስመር ስለ ቀረም ቦዩ የሚጠጣው ውሃ አጠረው። ስለዚህ ወደ ጎን ታጥፎ፥ በላንጎሌን በኩል አልፎ ከዲ ወንዝ ውሃ የሚያመጣ ጠባብ ቦይ ተቈፈረለት። ይህ በ1808 የተፈጸመ መጋቢ ቦይ ነው፤ በላይኛው ጫፍ ወንዙን የሚመልሰው 140 ሜትር ያህል የሚረዝም ግድብ አለ።

ከትሬቨር በኋላ የሄድነው በዚህ በመጋቢው ላይ ነው። እዚያ ውሃው ወደ እኛ ይወርዳል፤ ጀልባውም ያቃስታል። አንዳንዱ ስፍራ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ጀልባ አይተላለፍበትም። ስለዚህ ልጄ ወርዳ ቀድማ በእግርዋ እየሄደች፥ ከፊት የሚመጣ ጀልባ እንዳለና እንደሌለ እያየች በእጅዋ ምልክት ትሰጠን ነበር። ሽማግሌውም፥ «ይህን ጠባቡን አትናቅ፤ ሁሉን ያዳነው እርሱ ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጭነት ከቦዩ ከጠፋ በኋላ በ1944 ለጀልባ እንዲዘጋ በሕግ ተፈቀደ። ብዙ ቦዮች በዚያ ዘመን ደርቀው፥ ተሞልተው መንገድ ሆነዋል። ይህ ግን በቼሺር ላሉ ሰዎች የመጠጥ ውሃ ስለሚያወርድ ሊደፈን አልቻለም። ዛሬም ሃርልስተን ወደሚባለው ማጠራቀሚያ በየቀኑ 50 ሚሊዮን ሊትር የሚያህል ውሃ ያደርሳል። ውሃው ስላለ ቦዩ ኖረ፤ ቦዩ ስለኖረ ጀልባ ተመለሰበት፤ በ2009ም ዩኔስኮ ድልድዩንና 18 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ከዓለም ቅርስ መዝገብ አገባው። በዚህ ሁሉ ርቀት ላይ አንድም ባለ መዝጊያ ክፍል የለም፤ ቦዩ ኮረብታውን እየዞረ፥ ሸለቆውን እየተሻገረ በውሃ ልክ ይሄዳል።

«በውሃ ልክ» የሚለው ቃል በልቤ ገብቶ ወጋኝ። ላንጎሌን ደርሰን ጀልባውን ካሰርን በኋላ ልጄ፥ «አባባ፥ ደክሞዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ድካም አልነበረብኝም። አርባ ዓመት ያህል ያልነገርኋትን ነገር ልነግራት ቃል እፈልግ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ወጣት መምህር ሆኜ በተላክሁበት የገጠር ትምህርት ቤት ውሃ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ከሩቅ ምንጭ በእንስራና በቅል ይቀዱ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ መምህር ነበሩ። እኒህ ሰው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ኮረብታውን እየወጡ፥ ውሃ በሞላበት ጎማ ከፍታውን እየለኩ፥ ምንጩ ቢጎለብትና ቧንቧ ቢዘረጋ ውሃው በራሱ ወርዶ ከትምህርት ቤቱ ግቢ እንደሚደርስ ደረሱበት። ሒሳቡን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፉት። እኔም አብሬ ጎማ ይዣለሁ፤ ካስማም ተክያለሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እኒህ መምህር ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩና ደብተሩን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እኔም ሕዝቡን አስተባብሬ፥ ርዳታ ለምኜ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ውሃውን አስገባሁ። የቦኖው ምርቃት ዕለት እንግዶች መጡ፤ ንግግር ተደረገ፤ «ይህን ያሰበውና የሠራው» ተብሎ ስሜ ተጠራ፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። እኔ ውሸት አልተናገርሁም። ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ወረቀቱን ተቀበልሁ፤ ስለ ደብተሩም አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ወረቀቱ በመስተዋት ገብቶ ልጆቼ ባደጉበት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ።

ልጄ ይህን ሰምታ ጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፥ «መምህሩ በሕይወት አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሞቱ ቆይተዋል። ሳላመሰግናቸው መሞታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ የሟቹን ልጆች ፈልጌ አገኘሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ታላቅዬው ልጃቸው አልተቆጣም፤ «አባታችን ደብተሩን ላንተ ሲሰጥ ውሃው እንዲመጣ እንጂ ስሙ እንዲጠራ ብሎ አይደለም። ሆኖም ልጆቹ ቢያውቁት ደስ ይለናል» አለኝ። በመጽሐፍ ላይ ስማቸውን እንዳወጣ ግን ቤተ ሰቡ አልወደደም፤ በውሃው ዘንድ ቢነገር ይበቃናል አሉ። ስለዚህ እዚህ አልጻፍሁትም። ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ፥ ተማሪዎቹ በጧት በተሰለፉበት ቆሜ፥ የእኒያን መምህር ስም ሦስት ጊዜ ጮኬ ተናገርሁ፤ የእኔንም ጥፋት ነገርኋቸው። ዛሬ ስማቸው በቦኖው ራስ ላይ ተጽፏል። የምስጋና ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ነገ እናንተ ቤት፥ መንገድ፥ ድልድይ ትሠራላችሁ፤ መጽሐፍም ትጽፋላችሁ። ማንም ብቻውን የሠራው ሥራ የለም። ስማችሁ በአደባባይ በተጠራ ጊዜ፥ ሐሳቡን ያመጣው፥ መሠረቱን የቈፈረው፥ ለእናንተ ደብተሩን ትቶ የሄደው ማን እንደ ሆነ በዚያው ሰዓት ተናገሩ። በዚያ ሰዓት መናገር አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ያስከፍላል። እኔ ያን ትንፋሽ አስቀርቼ አርባ ዓመት ዕዳ ተሸከምሁ፤ በመጨረሻም ስከፍል ባለ ገንዘቡ አልነበረም። የቴልፎርድን ታሪክ ዛሬም ለልጆች እነግራለሁ፤ ስጨርስ ግን ከእርሱ ስም አስቀድሜ የጄሶፕን ስም እጠራለሁ።